ባለቤቱ የለወጠውን ፊልም ማን አቆየው?

በማርች 1988 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጆርጅ ሉካስ በዋሽንግተን በአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ ያለቀለትን የጥበብ ሥራ ለትርፍ ብሎ መነካካት አረመኔነት ነው ሲል ተከራከረ። የነገሩ መነሻ ቴድ ተርነር ነበር። ባለሀብቱ በ1986 የኤምጂኤምን የፊልም ክምችት ከገዛ በኋላ ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን በኮምፒውተር ቀለም እየቀባ ለቴሌቪዥን ማቅረብ ጀምሮ ነበር። ሉካስ ግን ከቀለሙ አርቆ አየ። ቴክኖሎጂው እየረቀቀ ሲሄድ ዋናው ኔጋቲቭ ይጠፋል፣ በቦታውም የተለወጠው ይተካል ብሎ አስጠነቀቀ። በዚያው ዓመት የፊልም ቅርስ ጥበቃ ሕግ ወጣ። በ1989 ሕጉ ላቋቋመው ብሔራዊ የፊልም መዝገብ መጀመሪያ ከተመረጡት 25 ፊልሞች አንዱም የራሱ የሉካስ «ስታር ዋርስ» ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ ትንቢቱ ደረሰ፤ የደረሰው ግን በተናጋሪው በራሱ እጅ ነው።

በጃንዋሪ 1997 «ስታር ዋርስ» 20ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ «ልዩ እትም» ተብሎ ወደ ሲኒማ ቤት ተመለሰ። በኮምፒውተር የተሠሩ ፍጡራን ገቡበት፣ ቀድሞ ተቆርጦ የወጣ ትዕይንት ተጨመረበት። ከፊልሙ ጀግኖች አንዱ ሃን ሶሎ መጠጥ ቤት ውስጥ ሊይዘው የመጣውን ግሪዶን ቀድሞ ተኩሶ የሚገድልበት ቦታም ግሪዶ ቀድሞ እንዲተኩስ ሆኖ ተቀየረ። ለዚህ ሲባል ኔጋቲቩ ራሱ ተቆርጦ አዲሶቹ ምስሎች ተቀጠሉበት። በእርግጥ ኔጋቲቩ ከዚያ በፊትም ጤነኛ አልነበረም። ለልዩ ምስል ውጤቶች ያገለገለው የፊልም ዓይነት ክፉኛ ደብዝዞ ስለነበር የእድሳቱ ሥራ በብዙ ቦታ አድኖታል። ሉካስም ሠሪው እኔ ነኝ፣ ያላለቀውን ሥራዬን ጨረስኩ ባይ ነው፤ በደራሲ መብት ዓይን ካየነው ክርክሩ ከ1988ቱ ንግግሩ ጋር ይታረቃል ማለት ይቻላል። የማይታረቀው ቀጥሎ የሆነው ነው። የ1977ቱ ቅጂ ከገበያ ወጣ። በ2006 ለዲቪዲ ገዢዎች እንደ ምርቃት ሲቀርብም ከ1993 የሌዘር ዲስክ ማስተር የተገለበጠ፣ በሰፊ ቴሌቪዥን ላይ በአራቱም ጎን ጥቁር ከቦት የሚታይ ደካማ ምስል ነበር። በዓለም ላይ በብዛት ከታዩት ፊልሞች አንዱ እንዲህ ሆኖ መሸጡ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በዚህ ጊዜ ሥራውን የፊልሙ ወዳጆች ያዙት። ሃርሚ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ቼክ ወጣት የ2011ዱን ብሉ ሬይ መሠረት አድርጎ፣ የተለወጠውን እያንዳንዱን ቦታ ከሌላ ምንጭ በተገኘ ምስል እየሸፈነ የ1977ቱን መልክ መልሶ ገነባ። ከዲቪዲው፣ ከአሮጌ ኮፒ ከተነሱ ምስሎች፣ ከፎቶግራፎችም ወሰደ። የሠራው ጥገና የባለሙያ ነው፤ ያም ሆኖ የተጣጣፈ መሆኑን ራሱም አልደበቀም። ቲም ኔጋቲቭ ዋን የተባለው ቡድን ግን መጣፉን ትቶ ሌላ መንገድ መረጠ፦ በ1977 ሲኒማ ቤት የዞረውን ራሱን የ35 ሚሊሜትር ኮፒ መፈለግ። የሁለት ሰዓቱ ፊልም ወደ 174 ሺህ ፍሬም ይሆናል። ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ስካን ተደርጎ፣ ጭረቱና ቆሻሻው እየተለቀመ በ2018 «ፎር ኬ 77» በሚል ስም ወጣ።

ግን የተገኘው ኮፒ ሁሉ ለዚህ አይሆንም። ከ1950 ጀምሮ ገበያውን የያዘው ኢስትማንከለር የተባለው የቀለም ፊልም ርካሽ ነበር። ሦስቱ ቀለማት በአንድ ፊልም ላይ ተደራርበው በኬሚካል ይፈጠራሉ፣ ግን እኩል አያረጁም። ሰማያዊውና ቢጫው ቀድመው ሲለቁ የሚቀረው ሮዝ ብቻ ነው፤ የ1970ዎቹን ኮፒ ዛሬ ፕሮጀክተር ላይ የጫነ ሰው ሰማዩም ሳሩም ሮዝ ሆኖ ይጠብቀዋል። ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ በ1980 ግድም የፊልም ባለሙያዎችን ፊርማ አሰባስቦ በአምራቹ በኮዳክ ላይ የጮኸው በዚህ ምክንያት ነበር። (ኋላ ባቋቋመው ድርጅት በኩልም የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጣሊያን፣ ቦሎኛ ውስጥ እንዲታደስ አድርጓል። ያ ፊልም በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ስለሆነ ቅንጣቱ፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ ጎልቶ ይታያል። ቅንጣቱን ላጽዳ የሚል ቢመጣ በፊልሙ የሚታየው ገበሬ ፊትም አብሮ ይጸዳ ነበር።) አሮጌው የቴክኒከለር አሠራር ግን ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ማተሚያ ፊልም ይዘጋጅና ቀለም ውስጥ እየተነከረ እንደ መጽሐፍ ማተሚያ ተራ በተራ በባዶው ፊልም ላይ ያሳርፋል። ይህ ቀለም በአሥርተ ዓመታትም አይለቅም። የሆሊውዱ ማተሚያ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲዘጋ የለንደኑ እስከ 1978 ገፋ፤ ስለዚህ ለብሪታንያ ሲኒማ ቤቶች የተላኩ የ«ስታር ዋርስ» ኮፒዎች በዚህ መንገድ ታተሙ። አንድ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ቀለሙን የሚመሰክር ነገር ባልኖረ ነበር። በጁን 2025 የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት ከእነዚያ ኮፒዎች አንዱን ለንደን ውስጥ ለሕዝብ አሳየ።

በካርቱን ላይ የደረሰው በደል ይብሳል፤ ምክንያቱም ካርቱን ማለት መስመር ማለት ነው። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ለሌዘር ዲስክና ለዲቪዲ ሲዘጋጅ ምስል የሚያጸዳው ማሽን ጎረቤት ፍሬሞችን ያነጻጽራል። በአንዱ ታይቶ በሚቀጥለው የሌለ ቀጭን ነገር ካገኘ ጭረት ነው ብሎ ያጠፋዋል። ፊቱ በማይንቀሳቀስ ተዋናይ ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም። ቶም ጄሪን ሲያባርር ግን እግሩም ጢሙም በየፍሬሙ ቦታ ይቀያይራል፤ ማሽኑም የሠዓሊውን መስመር እንደ ጭረት እየቆጠረ ይበላዋል። በፍጥነት ሲታይ ዓይን አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል እንጂ ምን እንደሆነ አይለይም። ፊልሙን አቁመው ፍሬም በፍሬም ያዩት ወዳጆች ናቸው የተቆራረጠ ክንድና ጠርዝ የሌለው ጆሮ እያሳዩ የጮኹት።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። የዲዝኒ «ሲንደሬላ» በ2012 በብሉ ሬይ ሲወጣ የፊልሙ ቅንጣት ጨርሶ ተጠርጎ ነበር፤ ከልብሷና ከፀጉሯ ላይ ያሉ ቀጫጭን የቀለም መስመሮችም አብረው ሄዱ። ከዓመት በኋላ የወጣው «ዘ ሶርድ ኢን ዘ ስቶን» ደግሞ ባሰ፤ ፊልሙ በተሠራበት ዘመን የዲዝኒ ፊልሞች የሠዓሊውን ሸካራ የእርሳስ መስመር እንዳለ በፎቶ ኮፒ መንገድ ወደ ፊልሙ ያስተላልፉ ስለነበር ውበታቸው ሸካራነቱ ውስጥ ነው። ስቱዲዮው እነዚህ ሥዕሎች ትናንት በኮምፒውተር የተሠሩ እንዲመስሉ ፈልጎ ነበር ብዬ አምናለሁ። «ሲንደሬላ» በ2023 ከዋናው ኔጋቲቭ እንደገና ተነስታ ስትወጣ መስመሩም ቅንጣቱም ተመለሰ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተነጫነጩት ሰዎች በመጨረሻ ዝም አሉ።

ፊልምን ከባለቤቱ ውጭ ያሉ እጆች ማቆየታቸው በዲጂታል ዘመን የተጀመረ አይደለም። በ1925 የጀርመን ፍርድ ቤት «ኖስፌራቱ» ከ«ድራኩላ» ያለ ፈቃድ የተወሰደ ነው ብሎ ኮፒዎቹ ሁሉ እንዲጠፉ አዘዘ፤ ፊልሙን ዛሬ የምናየው ትእዛዙ ያልደረሰባቸው ኮፒዎች ስለተረፉ ነው። የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» ተቆርጦ ጠፋ ሲባል የኖረው ክፍል በ2008 ቦነስ አይረስ ተገኘ፤ መነሻው አንድ አርጀንቲናዊ የፊልም ሐያሲ ለግሉ ያኖረው ኮፒ ነበር። ኋላ ወደ 16 ሚሊሜትር ሲገለበጥ የዋናው ጭረት ሁሉ አብሮ ታትሞበታል። አዳሾቹ በ2010 ፊልሙን ለእይታ ሲያቀርቡ ያንን ዝናብ የመሰለ ጭረት ሙሉ በሙሉ አላጠፉትም። ስለዚህ ተመልካቹ የተመለሰው ክፍል የቱ እንደሆነ በዓይኑ ይለያል። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ እድሳት አላውቅም። አሜሪካ ውስጥ ግን ሰብሳቢነት ራሱ ያስከስስ ነበር፤ በ1974 ኤፍቢአይ የተዋናዩን የሮዲ ማክዶዋልን ቤት በርብሮ የፊልም ስብስቡን ወስዷል።

ወዳጆቹን ግን መላእክት ማድረግ አይገባም። ለሲኒማ ቤት የታተመ ኮፒ ከኔጋቲቩ ያነሰ ዝርዝር ነው የሚይዘው፤ ጥቁሩም የደፈነ ነው። በዚያ ላይ ቀለሙ በየኮፒው ይለያያል፤ የፕሮጀክተሩ መብራት ዓይነትም ይቀይረዋል። «በ1977 ያየሁት ይህ ነው» የሚል ሰው ያየው በአንድ ከተማ፣ በአንድ መብራት ነው። «ፎር ኬ 77» ራሱ ቅንጣቱ የተቀነሰለትና እንዳለ የተተወ ተብሎ በሁለት መልክ መውጣቱ ወዳጆቹም እርስ በርስ እንዳልተስማሙ ይናገራል። የ1896ቱን የሉሚየር ወንድሞች የባቡር ፊልም በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰከንድ ወደ 60 ፍሬም አፍጥኖና አሳምሮ በ2020 ያሰራጨውም ስቱዲዮ ሳይሆን ግለሰብ ነው፤ ያልነበሩ ፍሬሞችን ማሽኑ ፈጠራቸው። ቴድ ተርነር ያደርገው የነበረውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በ2024 ደግሞ ስቱዲዮዎቹ «ትሩ ላይስ»ንና «ኤሊየንስ»ን በዚሁ ዓይነት መሣሪያ አሳልፈው፣ ፊቱ ሰም የመሰለ አርኖልድ ሽዋርዚኔገርን ሸጡልን።

ሕጉ ወዴት እንዳለ ግልጽ ነው፦ ፎር ኬ 77ን የሚያሰራጭ ሰው ሕግ ይጥሳል። በአሜሪካ ሕግ በ1977 የወጣ የድርጅት ሥራ ጥበቃው 95 ዓመት ስለሆነ «ስታር ዋርስ» ለሁሉም ነጻ የሚሆነው በጃንዋሪ 1 ቀን 2073 ነው። የዚያ ዘመን የሲኒማ ኮፒዎች የታተሙበት አሴቴት ፊልም ደግሞ በተራ የክፍል ሙቀት ከተቀመጠ ከ40 እስከ 50 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ኮምጣጤ መሽተት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ በስካነርም አያልፍም። በማቀዝቀዣ ያልተቀመጡት የ1977 ኮፒዎች ያ ጊዜያቸው አሁን ነው።