የፊልምና የቤተሰብ ቪዲዮ ፋይሎችን በሥርዓት መሰየም

በብዙ ቤት የሠርግ፣ የክርስትናና የምርቃት ቪዲዮ የሚቀመጠው በፍላሽ ወይም በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። ካሜራው ለፋይሉ የሚሰጠው ስም ቁጥር ብቻ በመሆኑ፣ ቦታ ሲጠብ ምንነቱ ሳይታወቅ የሚሰረዘውም እርሱ ነው። ፊልም ከሌላ ሰው ሊገኝ ይችላል፤ የሟች እናት ድምፅ የተቀረጸበት ቪዲዮ ግን ምትክ የለውም።

የቤት ሚዲያ ሰርቨር ፊልሞችን በአንድ ኮምፒውተር አከማችቶ በቤቱ ዋይፋይ አማካኝነት ለቴሌቪዥንና ለስልክ ያቀርባል። ጄሊፊንና ፕሌክስ ለዚህ ከሚያገለግሉ ፕሮግራሞች መካከል ናቸው። ጄሊፊን በነፃ የሚገኝ ነው። ፊልሙ የሚተላለፈው በቤት ውስጥ በመሆኑም ሲታይ የኢንተርኔት ዳታ አይቆጥርም።

ፊልሞች

ፕሮግራሙ ፊልሙን የሚለየው በስሙ ነው። ለእያንዳንዱ ፊልም የራሱ ፎልደር ይከፈትለታል፤ ፎልደሩና ፋይሉም አንድ ዓይነት ስም ይይዛሉ። የስሙ ቅርጽ ርእስ፣ ቀጥሎም በቅንፍ ውስጥ ዓመት ነው። የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ (2008)» ተብሎ ይጻፋል። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆን አለበት፤ ፕሮግራሙ መረጃ የሚወስድባቸው መዛግብት የሚጠቀሙት በዚያው ነውና። «ጤዛ» በቬኒስ ፌስቲቫል ሲታይ በእኛ ዘመን 2000 ዓ.ም ነበር፤ «ጤዛ (2000)» ብሎ የጻፈ ሰው ፊልሙ ላይታወቅለት ወይም ከሌላ ፊልም ጋር ሊምታታበት ይችላል። በፊደላችን የተጻፈው ርእስ ካልታወቀ፣ ፊልሙ በውጭ የሚታወቅበትን ርእስ በላቲን ፊደል መጻፍ ይቻላል።

የቤተሰብ ቪዲዮዎች

እነዚህ ከፊልሞች ተለይተው በሌላ ፎልደር ይቀመጣሉ። ስማቸው በዓመት ጀምሮ በወርና በቀን ይቀጥላል፤ «2012-05-09 የአልማዝ ሠርግ» እንደማለት ነው። ወርና ቀን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ከተጻፉ ፋይሎቹ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። እዚህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጠቀም ይቻላል፤ ጳጉሜን 13 ይሆናል። ሁለቱን አቆጣጠሮች ማደባለቅ ግን አይገባም።

ጥንቃቄዎች

በፊደል አጻጻፍ መጽናት ያስፈልጋል። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲፈለግ አይገኝም። በዊንዶውስ የጥያቄ ምልክት፣ ኮከብና እዝባር በፋይል ስም ውስጥ አይፈቀዱም።

ፋት 32 በተባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት በተባለው አሠራር ፎርማት ማድረግ ችግሩን ይፈታል፤ ነገር ግን ፎርማት በፍላሹ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ግድ ነው።

ከሁሉም በላይ የቤተሰብ ቪዲዮ በአንድ ዲስክ ብቻ አይቀመጥ። ሁለተኛ ቅጂ ተዘጋጅቶ በዘመድ ቤት ቢቀመጥ፣ ዲስክ ቢበላሽ ወይም ቤት ላይ አደጋ ቢደርስ ትዝታው አብሮ አይጠፋም።