ዲዲቲ በወሎ ቆላ፤ ከግድግዳው የወጣው ዱቄት

በደሴና በወልድያ መካከል የምትገኘው መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ወባ በየዓመቱ እኩል ስለማትጠና የነዋሪው የመከላከል አቅም ዝቅተኛ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በ1958 እ.ኤ.አ. (ቀሪዎቹ ዓመታትም እንዲሁ) ታየ። ከወትሮው የበዛ ዝናብና ሙቀት ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለውን ሰፊ የአገሪቱን ክፍል ለወረርሽኝ አጋለጠ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። ዋና መሣሪያው ዲዲቲ ነበር፤ ፓውል ሚውለር በ1939 የተባይ ገዳይነት ባሕርዩን ደርሶበት በ1948 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ዱቄት። ከመርሳ በስተሰሜን በቆቦና በጨርጨር ሜዳ ግን ርጭቱ በሙከራ ደረጃ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 2 ግራም ይረጫል፤ ደም መጥጣ የምታርፍ ትንኝ ትሞታለች። ኃይሉ ለወራት ይቆያል፤ እመቤቲቱ ለበዓል ቤቷን በጭቃ ወይም በእበት ካልለቀለቀችው። ብዙ ጊዜ ግን ትለቀልቀዋለች፤ ይህም ያላስረዳት የጤና ሠራተኛ ጉድለት እንጂ የእርሷ ጥፋት አይደለም።

በርጭቱ ከሁሉ በላይ የሚጋለጠው ረጪው ነው። ዱቄቱን ከውኃ ሲቀላቅል ብናኙን ይተነፍሳል፤ በፓምፑ ሲረጭ ደግሞ ጭጋጉ ቆዳውንና ልብሱን ያርሰዋል። ብዙ መጠን ወደ ሰውነት ከገባ ከንፈርና ምላስ ይደነዝዛሉ፣ መንቀጥቀጥ ይከተላል፤ ሲብስም ያንዘፈዝፋል። ቤተሰቡ ምግብና ዕቃ አውጥቶ ከጠበቀ የሚደርስበት በአንጻሩ ጥቂት ነው።

ጉዳቱ የሰፋው ዱቄቱ ከግድግዳ አልፎ ሰብልና ጫት ላይ ሲረጭ ነው። ዲዲቲ በስብ ውስጥ ተከማችቶ ለዓመታት ይቆያል፤ ሕፃኑንም በጡት ወተት በኩል ያገኘዋል። በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ተሠርቶ በ2013 የታተመ ጥናት ዲዲቲን በእናትም በላምም ወተት ውስጥ አግኝቷል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2015 በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል የሚችል ሲል መድቦታል።

በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን ከግብርና ሲያግድ ለወባ መከላከያ ፈቅዶ ነበር። ይህ ፍርድ ሚዛናዊ ነበር፤ 1958ን የሚያስታውስ ሰው ሊነቅፈው አይችልም። በኢትዮጵያ ርጭቱን በ2000ዎቹ መጨረሻ ያስቆመው በአብዛኛው የትንኟ መላመድ ነው፤ ሌሎች ኬሚካሎች ተተኩ። የደም ምርመራው ወባ ሳያሳይ የሚንዘፈዘፍ ሕፃን ሲመጣ፣ በቤቱና በማሳው ምን እንደተረጨ፣ በጆንያም የተቀመጠ ዱቄት እንዳለ ወላጁ ይጠየቅ።