መፈተሽ ስድብ ባልነበረበት ገበያ

ውድ አንባቢ፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ!

በዚህ ሰላምታ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በስልክ የሚያጭበረብር ሰው ስምዎን አውቆ ሙስሊም መሆንዎን ከገመተ እሱም የሚጀምረው በዚሁ ነው። «አሰላሙ ዐለይኩም እናቴ፣ ከቴሌ ነው የምንደውለው። ዕጣ ወጥቶልዎታል፤ በስልክዎ የገባውን ቁጥር ብቻ ይንገሩኝ» ይላል። እናታችንም በአላህ ስም ሰላም ያላቸውን ሰው መጠራጠር ነውር ይመስላቸዋል። አባቶቻችን ግን እንዲህ ያለ ይሉኝታ በገንዘብ ነገር አያውቁም ነበር። እስቲ ወደ ቀድሞው የደባርቅ መንገድ መለስ ብለን እንይ።

ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ዓድዋን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ የልማልሞን አቀበት ወጥቶ በደባርቅና በዳባት በኩል ያልፍ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር የገባው በዚሁ አቀበት ነው። ከነጋዴው ብዙው ጀበርቲ፣ ማለትም ሙስሊም ነበር። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1668 (እ.ኤ.አ.) የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ስለወሰነ፣ የጎንደር ሙስሊሞች ወደ ቀሃ ወንዝ ወርደው ሰፈሩ። ርስት ለሌለው ሰው የቀረው ንግድ ነው። ንግዱም ያለ ታማኝነት አንድ ቀን አያድርም፤ ቃሉን ያጠፈ ነጋዴ በሚቀጥለው ጉዞ ማን ዕቃውን በአደራ ይሰጠዋል?

እነዚህ በቃል የሚተማመኑ ሰዎች ታዲያ ገንዘብን ሳይፈትሹ አይቀበሉም ነበር። ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ በዚያ መንገድ ትልቁ ገንዘብ ጠገራ ብር ነበር፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን። ንግሥቲቱ በ1780 (እ.ኤ.አ.) ሞተች፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ በታተመ ቁጥር ያው 1780 ይጻፍበት ነበር። ነጋዴው የለመደውን እንጂ ሌላ አይቀበልምና! (የሐሰት ዓመት ተጽፎበት እውነተኛ የሆነ ገንዘብ ማየት ያስገርማል።) ተቀባዩ ብሩን አገላብጦ በዘውዷ ላይ ያሉትን ነጥቦች ያያል፤ የትከሻዋን ጌጥ ይመረምራል፤ ከምስሏ ሥር ያሉትን ፊደሎች ይፈልጋል። የደበዘዘ ከሆነ ይመልሳል። ለዝርዝር የሚያገለግለው አሞሌ ጨውም ከአፋር ምድር ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ጫፉ ከተሸረፈ በሙሉ ዋጋው አይሄድም። ይህ ሁሉ የሚደረገው በከፋዩ ዓይን ፊት ነው። የገበያው ወግ ስለሆነ ከፋዩ እንደ ስድብ አይቆጥረውም፤ ነገ እሱም ተቀባይ ሆኖ እንዲሁ ያደርጋል።

ወጉ ለሙስሊሙ ነጋዴ እንግዳ አልነበረም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገቡ፤ ላዩ ደረቅ ሆኖ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩንም ገሠጹት። እጃቸውን ከማስገባታቸው በፊት የሻጩን ፈቃድ እንደጠየቁ አልተነገረንም። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽም አላህ (ሱ.ወ.) ወሬን ሳያጣሩ እንዳይሠሩበት ምእመናንን አዝዟል። ሙፈሲሮች እንደሚሉት፣ ምክንያቱ ዘካ ሊሰበስብ የተላከ ሰው ከመንገድ ተመልሶ «ጎሣው ዘካ ከለከለኝ» ብሎ ያመጣው ሐሰተኛ ወሬ ነው። ሳይጣራ ቢሆን ኖሮ በንጹሐን ላይ ጦር ሊዘምት ነበር።

አሁን ወደ ዛሬው ገበያ እንምጣ። አንድ የበየዳ ገበሬ በጎቹን እየነዳ ከድል ይብዛ በኩል ደባርቅ ወርዶ ሸጠ እንበል። ገዢው ጥሬ ገንዘብ አልያዘም። «በቴሌብር ላክሁልህ፤ ይኸው መልእክቱ ገብቷል» ይለዋል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ብዙ ድካም አቅልሏል፤ አላህ ይመስገን። ነገር ግን በስልኩ ላይ የገባው ጽሑፍ ከማንም ተራ ቁጥር ሊጻፍ ይችላል። እውነተኛው የሚመጣው ከ127 ነው። ሻጩ የጽሑፉን ላኪ አይቶ፣ *127# ብሎ የራሱን ሂሳብ እስኪያይ ድረስ የበጎቹን ገመድ መልቀቅ የለበትም። ገዢው ቢቸኩልም፣ ቢያኮርፍም። የጠገራውን ነጥብ ይመረምር የነበረው አያቱ ያደረገው ይህንኑ ነው።

የስልክ ጥሪው ከዚህ ይብሳል። በገበያ ቢያንስ ሰውየው ፊት ለፊት ቆሟል፤ ክምሩም አለ። በስልክ ግን እጅ የሚገባበት ነገር የለም፤ ድምፅ ብቻ ነው። ደዋዩም ለመፈተሽ ጊዜ እንዳይኖር «አሁኑኑ፣ ስልኩን ሳይዘጉ» እያለ ያጣድፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ስልኩን መዝጋት ነው። ከዚያ ጥያቄ ካለዎት በራስዎ እጅ 994 ይደውሉ። የሚስጥር ቁጥርዎን ግን ለማንም፣ በሰላምታም በመሐላም፣ አይንገሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ለልጆች። እናታችሁ ጅዳ ያለችው እህታችሁ የላከችውን ገንዘብ እንዲህ ተታልለው ቢሰጡ በቁጣ አትቀበሏቸው። የተቆጡባቸው እናት ሌላ ጊዜ ይደብቃሉ። ተደብቆ በሚያልፈው ሰዓት ውስጥ ደግሞ ገንዘቡ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይርቃል። ድርጊቱ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነውና ያልተደበቀው ለቴሌና ለፖሊስ በጊዜው ይደርሳል። እናታችሁንም አጠገባቸው ተቀምጣችሁ፣ ሻይ እየጠጣችሁ፣ ደዋዩ ምን እንዳለ ከመጀመሪያው ሰላምታ ጀምሮ አንድ በአንድ ጠይቋቸው።