የታይናን ከተማ የመሬት ወረቀቶች

ዛሬ ረጅም መንገድ እንሄዳለን። ከቻይና አገር በስተ ምሥራቅ፣ በባሕር መካከል፣ ታይዋን የምትባል ትልቅ ደሴት አለች። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ነው። በደቡብ ምዕራብ ዳርቻዋ ታይናን የምትባል አሮጌ ከተማ ትገኛለች። የዚያች ከተማና የአካባቢዋ ሰዎች ድሮ እንዴት ይኖሩ እንደነበረ እነግራችኋለሁ። ስለ መሬታቸው ወረቀት ግን ሰፋ አድርጌ አወራለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ አገር ከቻይናውያን በፊት የሚኖሩት ሲራያ የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። እርሻውን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ አጋዘን ያድናሉ። ፊደል ግን አልነበራቸውም።

በ1624 የሆላንድ ነጋዴዎች በመርከብ መጡ። በባሕሩ ዳር በአሸዋው ላይ ምሽግ ሠሩና ዜላንዲያ አሉት። ጡቡን ያያያዙት በምን ይመስላችኋል? በዛጎል ኖራ፣ በሚጣበቅ ሩዝና በስኳር ውሃ ነው! ከግንቡ የቀረው እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1625፣ ነጋዴዎቹ ሲንካን ከሚባለው የሲራያ መንደር መሬት ወሰዱ። ዋጋው ስንት ነበር? 15 የጥጥ ጨርቅ ነው። ለአንድ ከተማ የሚበቃ መሬት በ15 ጨርቅ! የሲንካን ሰዎች በዚያን ጊዜ አንድም ፊደል አያውቁም። ነጋዴዎቹም የአጋዘኑን ቆዳ በየዓመቱ በአሥር ሺህ እየቆጠሩ ወደ ጃፓን ይልኩ ጀመር። አጋዘኑ እየተመናመነ ሄደ።

ከነጋዴዎቹ ጋር የሃይማኖት ሰባኪዎች መጥተው ነበር። እነሱ የሲራያን ቋንቋ ተማሩ፤ በላቲን ፊደልም ጻፉት። በየመንደሩ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሐሳባቸው ሃይማኖታቸውን ለማስተማር ነበር እንጂ ስለ መሬት አልነበረም። በ1661 የማቴዎስ ወንጌል በሲራያ ቋንቋ አምስተርዳም ላይ ታተመ።

ታዲያ በዚያው ዓመት ዜንግ ቼንግጎንግ የሚባል የቻይና የጦር መሪ ብዙ መርከብና ሠራዊት ይዞ መጣ። ምሽጉን ዘጠኝ ወር ያህል ከበበ። ሆላንዶች በ1662 ዓ.ም. በየካቲት ወር እጃቸውን ሰጥተው ወጡ። ሰባኪዎቹም አብረው ሄዱ። ፊደሉ ግን በሲንካን ሰዎች እጅ ቀረ።

ይኸውላችሁ፣ እኔን በጣም የሚገርመኝ ይህ ነው። አስተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ እነዚያ ገበሬዎች ፊደሉን ከ150 ዓመት በላይ ሠሩበት። ምን ጻፉበት? መሬት ሲሸጡ፣ መሬት በመያዣ ሲሰጡ፣ ገንዘብ ሲበደሩ ውል ጻፉበት። በ1683 ደሴቲቱ በቻይና ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ገባች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቻይናውያን ባሕሩን ተሻግረው መሬት ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ውሎች በሁለት ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። በአንዱ ወገን የቻይና ጽሕፈት አለ፤ በሌላው ወገን ሲራያ። ገዢው የራሱን ያነባል፤ ሻጩም የራሱን ያነባል። ውሉ በገዢው ቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሻጩ የሰው አፍ ጠባቂ ይሆን ነበር። መጻፍ የማይችለው ደግሞ በጣቱ ያትማል። የጣት አሻራን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ!

ግን እውነቱ ይነገር። ወረቀቱ መሬቱን ሁሉ አላዳነም። ዕዳና የሰፋሪው ብዛት በረታባቸው፤ ብዙ የሲራያ ቤተሰቦች ቀስ በቀስ ወደ ኮረብታው ተገፉ። ከመቶ በላይ የሚሆኑ ውሎች ግን እስከ ዛሬ ተቀምጠዋል።

ወደ ከተማዋ እንመለስ። ታይናን ከ200 ዓመት በላይ የደሴቲቱ ዋና ከተማ ነበረች። በ1665 የኮንፊሽየስ ቤተ መቅደስና ትምህርት ቤት ተሠራባት፤ ሕንፃው ዛሬም አለ። በዚያ ዘመን ጽሕፈት ያለበት ወረቀት ከጥራጊ ጋር አይጣልም። ለብቻው ተሰብስቦ፣ ለዚሁ በተሠራ ትንሽ ምድጃ ውስጥ በክብር ይቃጠላል። ነጋዴዎቹ በምዕራቡ በር በኩል አምስት ቦዮች አስቆፍረው ጀልባ እስከ መጋዘናቸው ያስገቡ ነበር። ስኳርና ሩዝ ይወጣል፤ ጨርቅ ይገባል። በባሕሩ ዳር ባለው በአንፒንግ ሰፈር ደግሞ ሰዎች በበራቸው ላይ ሰይፍ በአፉ የነከሰ አንበሳ ይስሉ ነበር፤ ክፉ ነገር እንዳይገባ ብለው ነው።

በ1823 ከባድ ዝናብ ወርዶ ወንዙ መንገዱን ለወጠ። ደለሉ የባሕሩን ወሽመጥ ሞላው። መርከብ ይቆምበት የነበረው ስፍራ የብስ ሆነ። ሰዎቹም በስፍራው የዓሣ ኩሬና የጨው መደብ ሠሩ።

ዓሣ አጥማጆቹስ? በበጋ ወራት ታይፉን የሚባል ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ይነሣል። ያን ጊዜ ባሕር የገባ ይሞታል፤ ያልገባም ይራባል። በ1895 አንድ ዓሣ አጥማጅ በዘንግ ሁለት ሸክም አንጠልጥሎ ፓስታ የመሰለ ትኩስ ምግብ በሾርባ እየሸጠ እነዚያን ወራት ተሻገረ። ምግቡን «የክፉ ወራት ማሳለፊያ» ብሎ ሰየመው። ዛሬ የከተማዋ ስም የሚጠራበት ምግብ ነው።

የሲራያ ቋንቋ በ19ኛው መቶ ዓመት ውስጥ ከዕለት ንግግር እየጠፋ ሄደ። ልጅ ልጆቻቸው ግን አሁንም በታይናን ዙሪያ አሉ። በ2022 የታይዋን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እንደ ነባር ሕዝብ የመታወቅ መብታቸው እንዲጠበቅ ፈረደላቸው። ቋንቋቸውንም እንደገና እየተማሩ ናቸው። የሚማሩትም በ1661 ከታተመው ወንጌልና ገበሬዎቹ ከጻፉት ውል እያወጡ ነው።