የላዳ ታክሲ ቴስታታ፦ የጉዳቱ ምልክቶችና የጥገናው ሥርዓት

አዲስ አበባ፦ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚያወጣው አቀበት ለአሮጌ ላዳ ታክሲ ፈተና ነው። ሰው ጭና ስትወጣ የሙቀት ጠቋሚው ወደ ቀዩ መስመር ከዘለቀ፣ ቀድሞ ለጉዳት የሚጋለጠው የሞተሩ ቴስታታ ነው። ባለታክሲውም የዕለት ገቢውን ያጣል።

ቴስታታ ከሞኖብሎኩ በላይ ተቀምጦ ሲሊንደሮቹን የሚከድን፣ ቫልቮችንና ካንዴላዎችን የሚይዝ ክፍል ነው። ቃሉ እንደ ፒያሳ ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ላዳም ብትሆን ከጣሊያን ጋር ዝምድና አላት፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት ቶሊያቲ ከተማ የተመረተችው የፊያት 124ን ንድፍ ተከትላ ነው። ሶቪየቶቹ ግን የፊያትን ሞተር እንዳለ አልተቀበሉትም፤ ካምሻፍቱ በቴስታታው ላይ እንዲቀመጥ አደረጉ። ሞኖብሎኩ ከብረት፣ ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠሩ ናቸው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ስለሚለጠጥ፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፤ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል።

የአገራችን ከፍታ ችግሩን ያባብሰዋል። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ በ92፣ በባሕር ዳር ደግሞ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ግማሽ ባር ግፊት የሚይዝ ደኅና የራዲያተር ክዳን በአዲስ አበባ የመፍያውን መጠን ወደ 106 ያደርሰዋል። ስለዚህ ጎማው ያረጀ ክዳን የ14 ዲግሪ መጠባበቂያ ያሳጣል። ቴስታታ አሠርቶ አሮጌውን ክዳን መልሶ መግጠም ገንዘብን ማባከን ነው።

የጓርኒሲዮን መቃጠል ምልክቶች በግልጽ የሚታዩ ናቸው፦ የሚፈስበት ሳይታወቅ የሚጎድል ውኃ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ በራዲያተሩ ውስጥ የሚንተከተክ አየር፣ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ዘይት። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት መቃጠሉን ስለሚያመለክት ሌላ ምርመራ ይሻል።

ቴስታታ የሚፈታው ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ውኃው ይወርዳል፤ የካምሻፍቱ ሰንሰለት ከመውጣቱ በፊት ምልክቶቹ ይገጣጠማሉ፤ ቡሎኖቹም ከዳር ወደ መሐል በየተራ ይላላሉ። ጥላሸቱ በእንጨት መፋቂያ ይነሣል፤ ስለት ያለው ብረት ለስላሳውን አሉሚኒየም ይጭረዋል። ኮስቲክ ሶዳም ለብረት ማጽጃነት ቢያገለግልም አሉሚኒየምን ይበላል።

ከጽዳቱ በኋላ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቁመትና በአግድም፣ በተለይም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ይጋደምበታል። ስስ የመለኪያ ቅጠል በሥሩ ከገባ ተጣሟል ማለት ነውና ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጋል። ቫልቮቹ በሚያሻክር ቅባት እየታሹ ከመቀመጫቸው ጋር ይስማማሉ። ቫልቮቹ ከተገጠሙ በኋላ በጋዝ መተላለፊያዎቹ ነጭ ጋዝ ማፍሰስ ቀላል መፈተኛ ነው፤ ካንጠባጠበ እሽታው አልበቃም።

አዲሱ ጓርኒሲዮን ከመቀመጡ በፊት የቡሎን ቀዳዳዎቹ መድረቅ አለባቸው። ውስጣቸው የቀረ ውኃ ወይም ዘይት ቡሎኑ ሲጠብቅ መውጫ አጥቶ ሞኖብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ማጥበቁ ከመሐል ወደ ዳር ይሆናል፤ አሥሩ ትልልቅ ቡሎኖች መጀመሪያ እስከ 40 ኒውተን ሜትር፣ ቀጥሎ ከ96 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ይህ በክንድ ግምት ሊደረስበት የሚችል ልክ አይደለም። የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተር ያላቸው አርሶ አደሮችም ሥርዓቱን ሊከተሉት ይችላሉ፤ የጥብቀት ቁጥሩን ግን ከራሱ ከሞተሩ መመሪያ መውሰድ ይገባቸዋል።

በመጨረሻ የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ በ0.15 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል። ውኃ የገባበት ዘይትም ከነማጣሪያው ይቀየራል።