የሰንዳፋ ማሳና የቤተ መንግሥት ምክር

በጥር 2008 ዓ.ም. ያኔ ኦሮሚያን ያስተዳድር የነበረው ኦሕዴድ አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያስተሳስራል የተባለውን የተቀናጀ ማስተር ፕላን መሰረዙን አስታወቀ። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በሰንዳፋ አካባቢ፣ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ የተገነባው አዲሱ የቆሻሻ ማስወገጃ ሥራ ጀመረ። ፕላኑ ቀረ፤ የቆሻሻ መኪናው ግን መጣ። ገበሬውን ያስመረረው ደግሞ ፕላኑ ብቻ አልነበረም፤ ሽታው፣ ከክምሩ የሚወርደው ፍሳሽ፣ ከብቶቹ የሚጠጡት ውኃ፣ ለማሳው የተቆረጠለት ካሳ ነበር። ክረምት ሲገባ የአካባቢው ሰው መኪኖቹን አናሳልፍም አለ፤ ቦታው ተዘጋ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመርበት ወደኖረው ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተናደ፤ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ።

ናዳውን ያመጣው የሰንዳፋ መዘጋት ብቻ ነው አልልም፤ ቆሼ ለዓመታት የተጠራቀመ ቸልተኝነት ነው። የነገሩ ቅደም ተከተል ግን ስለ ምክር ያለንን ግንዛቤ ይፈትናል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንላለን። ተረቱ ምክር የናቀና መከራ የሚቀበል ሰው አንድ ነው ብሎ ያስባል። በመንግሥት ጉዳይ እንዲህ አይደለም። የሰንዳፋን ገበሬ ቀድሞ ያላደመጠው ባለሥልጣን በቢሮው ተቀምጦ ሳለ፣ መከራው የወረደው ማንም አስተያየታቸውን ባልጠየቃቸው፣ ከክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው በሚኖሩ ድሆች ላይ ነው።

ከአወዛጋቢ ምርጫ በኋላ ሥልጣን ለሚይዝ መሪ ምን ይመከራል? የተለመደው መልስ መዲናዋን ያያል፦ ተቃዋሚን አነጋግር፣ እስረኛ ፍታ፣ ምርጫ ቦርዱን አሻሽል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። የእኛ አገር ታሪክ ግን ሌላም ያሳያል። በኢትዮጵያ በምርጫ ሳጥን ያልተፈታ ክርክር ወደ መሬት ይወርዳል፤ መጀመሪያ የሚያርፈውም ከመዲናዋ ጠርዝ ላይ ነው።

የ1997ን ምርጫ እንውሰድ። ተቃዋሚው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። በአገር አቀፉ ውጤት ላይ የተነሣው ውዝግብ በሰኔና በቀጣዩ ጥቅምት ደም አፈሰሰ፤ ግድያውን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መዘገበ። ይህን ሁሉም ያስታውሳል። በዚያው ክረምት ስለተደረጉ ሁለት ነገሮች ግን ብዙም አይነገርም። አንደኛ፣ በ1992 ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወስኖ የነበረው የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ተወሰነ። ውሳኔው የብዙ ኦሮሞዎች ጥያቄ እንደነበር አይካድም፤ የመጣው ግን ከተማዋ በተቃዋሚ እጅ ልትገባ በተቃረበችበት ወር ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 በአዲስ አበባ ላይ ለኦሮሚያ የተሰጠው «ልዩ ጥቅም» እስከዚያ ድረስ ዝርዝር ሕግ አልወጣለትም ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ቢሆን ሲመች የሚመዘዝ፣ ሳይመች የሚሸሸግ ካርታ ሆኖ ቆይቷል።

ሁለተኛው ይበልጥ ዝምተኛ ነው። የምርጫው አቤቱታ ገና እየተጣራ ሳለ፣ በሐምሌ 1997 አዋጅ ቁጥር 455/1997 ወጣ፤ መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ። ለውዝግቡ ተብሎ ወጣ የሚል ማስረጃ የለኝም። የአገሪቱ ጆሮ ሁሉ የድምፅ ቆጠራው ላይ ስለነበር ግን የዙሪያውን ገበሬ ኑሮ ለ14 ዓመት የሚገዛው ሕግ በቂ ሙግት ሳይገጥመው አለፈ።

ስሌቱን ጠጋ ብለን እንየው። አዋጁ በዘላቂነት ለሚነሣ ገበሬ በአምስት ዓመት ውስጥ ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ይሰጥ ነበር። ለምሳሌ አንድ ገበሬ ከአንድ ሄክታር ማሳ በዓመት 15 ኩንታል ጤፍ ያገኛል፣ የኩንታሉ የአምስት ዓመት አማካይ ዋጋም 1,000 ብር ነው እንበል። የዓመቱ ገቢ 15,000፣ አሥር እጥፉ 150,000 ብር ይሆናል። ሄክታሩ 10,000 ካሬ ሜትር ነውና ለካሬው 15 ብር ደረሰው ማለት ነው። የሊዝ ጨረታ በወጣ ቁጥር በአዲስ አበባ ለካሬው በሺህ የሚቆጠር ብር ሲቀርብ ልጆቹ በሬዲዮ ይሰማሉ። በዚያ ላይ የአምስት ዓመት አማካይ ማለት ዋጋ በሚንርበት ዘመን ያለፈውን ርካሽ ዓመት ዛሬ ላይ መክፈል ነው። ገማች ኮሚቴው መጥቶ ለካ፣ ቆጠረ፣ አስፈረመ፤ ፊደል ያልቆጠረው አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ አተመ። ገንዘቡ ሲያልቅ ብዙው በቀድሞ ማሳው ላይ በተሠራው ሕንፃ ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ሆነ። በሰበታ የፋብሪካ አጥር፣ በሱሉልታና በቡራዩ የቪላ አጥር ሥር ያለው ታሪክ ከዚህ ብዙም አይለይም።

በ2007 ምርጫ ገዢው ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ሲይዙ ይህ ቅሬታ በምክር ቤቱ ውስጥ በተቃውሞ የሚያነሣው አንድ ሰው እንኳ አጣ። እኔ የምርጫው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው እላለሁ። መቶ በመቶ ያሸነፈ መንግሥት የሚሰማው የገዛ ራሱን ድምፅ ነው፤ ለገበሬው ደግሞ የቀረችለት ድምፅ መንገድ መዝጋት ብቻ ነበረች። በኅዳር 2008 በመሬት ጉዳይ ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አስከተለ፤ በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ፤ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አዲሱን መሪ ያመጣው የመሬት ጥያቄ ነበርና፣ የመጀመሪያው ምክርም ከዚያው መነሣት ነበረበት።

እስረኞች ተፈቱ፣ በስደት የነበሩ ፓርቲዎች ገቡ፤ ታላቅ ነገር ነበር። ዙሪያው ግን አልተረጋጋም። በመስከረም 2011 በቡራዩ ሰዎች በማንነታቸው ተገደሉ፤ ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በየካቲት 2011 በለገጣፎ ለገዳዲ «ጨረቃ ቤት» የተባሉ በርካታ ቤቶች ፈረሱ። በዚያው ወር የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ፈነዳ፤ የአዲስ አበባንና የኦሮሚያን የወሰን ጉዳይ የሚያጠና ኮሚቴ የተቋቋመው ከዚህ በኋላ ነው። በአንድ ወር ውስጥ በጠርዙ ላይ ሦስት ሰዎች ተፋጠጡ፦ በርካሽ የተነሣው ገበሬ፣ ከእሱ በእጅ ውል ገዝቶ ቤት የሠራው፣ ዓመታት ቆጥቦ ዕጣ የወጣለት። ሦስቱም መንግሥት የፈጠረው ሥርዓት ሰለባዎች ናቸው፤ እርስ በርስ የሚተያዩት ግን እንደ ጠላት ነው።

መሪን መምከር ለእኛ አዲስ አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ ለአዲሱ አልጋ ወራሽ ለልጅ ኢያሱ የመከረው ስለ ዙፋን ሽኩቻ ሳይሆን ስለ ግብር አከፋፈልና የመንግሥትን ገንዘብ ከንጉሡ ገንዘብ ስለ መለየት ነበር። ቅቡልነት ከዘውድ ይልቅ ገባሩ በሚከፍለውና በሚያገኘው ላይ እንደሚቆም ገብቶት ነበር። ምክሩ ሥራ ላይ ሳይውል ኢያሱ በመስከረም 1909 ከሥልጣን ተሻሩ፤ ክርክሩም ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሜዳ በጦርነት ተፈታ።

የኬንያ ጎረቤቶቻችን ከ2000 ዓ.ም. ደም መፋሰስ በኋላ በኮፊ አናን ሸምጋይነት ሲስማሙ፣ ከሥልጣን ክፍፍሉ ጎን የመሬት ማሻሻያን የድርድሩ አራተኛ አጀንዳ ውስጥ አስገቡ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ብሔራዊ የመሬት ኮሚሽንን አቋቋመ። ኬንያ በዚህ ሁሉ ችግሯን ጨረሰች ማለት አይደለም። ቢያንስ ግን ምርጫውና ማሳው አንድ ፋይል ውስጥ ተቀመጡ።

የእኛ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳውን አሻሽሏል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የተገኘውን ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ ያደርገዋል፤ ቅሬታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤም እንዲቋቋም ያዝዛል። በ2013 ምርጫ ዋና ዋናዎቹ የኦሮሞ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ባይሳተፉም፣ በመስከረም 2014 በተመሠረተው መንግሥት ጥቂት የተቃዋሚ ሰዎች የሚኒስትርነት ወንበር አገኙ። ወንበር ማካፈሉ በጎ ነው። በቀጣዩ ዓመት ግን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ጨምሮ የዙሪያው ከተሞች ሸገር በተባለ አንድ ከተማ ሲጠቃለሉ ቤቶች እንደገና ፈረሱ። ይህ መሆን አልነበረበትም።

ስለዚህ ከአወዛጋቢ ምርጫ በኋላ ለሚመጣ ማንኛውም መሪ የምመክረው ይህን ነው። ካቢኔ ከማዋቀሩ በፊት በዙሪያው ከተሞች ቤት ማፍረስና ገበሬ ማንሣት ለጊዜው ይቁም። ለሕዝብ ጥቅም ተብለው ተወስደው ያልተሠራባቸው መሬቶች ከነካርታቸው ይዘርዘሩ። ገማች ኮሚቴው ውስጥ ተነሺዎቹ ራሳቸው የመረጡት ሰው ይቀመጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ፋይልም ከይግባኝ ሰሚ ጉባኤው የሚመጣ ይሁን፦ ከሰንዳፋ ስንት አቤቱታ ቀረበ፣ ስንቱ መልስ አገኘ፣ መልስ ያላገኘው ስንት ዓመት ቆየ።