ፈረንሳይኛና የጎጃም መዝገብ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የያዘ መንገደኛ በስተግራው የጮቄን ተራራ፣ በስተቀኙ የዓባይን ሸለቆ እያየ ይጓዛል። ይህ አገር ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ተለክቷል። ለኪው አንቷን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ1838 ምጽዋ ገብቶ ዐሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ሲዘዋወር ኖሯል። ጎጃምም ደጋግሞ ካለፈባቸውና ከለካቸው አገሮች አንዱ ነው። የልኬቱ ውጤት እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 ድረስ «የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ» በሚል ርእስ በፓሪስ ታትሟል። መጽሐፉ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ምሕንድስና ትምህርት የሚገባ ወጣት የተወለደበትን አገር ጥንታዊ የቅየሳ መዝገብ ገልጦ ቢያየው ቍጥሮቹን እንጂ ቃሉን ሊያነብ አይችልም።

የዳባዲ አሠራር ለሙያው ባልደረቦች ጥቂት ሐተታ የሚገባው ነው። በዚያ ዘመን ጎጃም የጦርነት አገር ነበረ። ደጃዝማች ጎሹና ልጃቸው ብሩ ጎሹ እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ሰንሰለት እየጎተቱ መነሻ መሥመር መለካት የማይታሰብ ነገር ነው፤ የባዕድ ሰው መሬት ሲለካ የሚያይ ባላገርም ሆነ መኰንን በጎ አይጠረጥርም። ስለዚህ ዳባዲ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ቴዎዶላይቱን ተክሎ፣ ከዚያ የሚታዩትን ጫፎች ሁሉ አቅጣጫ እየለካ ይመዘግባል፤ ወደ ሌላ ከፍታም ተሻግሮ እነዚያኑ ጫፎች እንደ ገና ይለካል። የቆመበትን ቦታ ኬክሮስ ከፀሐይና ከከዋክብት ያገኛል። በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለውን ርቀት ደግሞ ከኬክሮሱ ልዩነትና ከአቅጣጫው አስልቶ ያወጣዋል። ከፍታውን የሚያውቀው ውሃ አፍልቶ ነው። የአየር ግፊት ከፍ ባለ ቦታ ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይወርዳል። 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጡት በቢቸናና በሞጣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዳባዲ ይህን ዘዴ «ፈጣን ጂኦዴዚ» ብሎ ሰይሞታል። ድስትና ቴርሞሜትር ይዞ ተራራ የሚለካ ሰው በባላገሩ ዘንድ ከጠንቋይ ተለይቶ ይታይ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ታናሽ ወንድሙ አርኖ በበኩሉ መለኪያውን ትቶ ከደጃዝማች ጎሹ ሠራዊት ጋር ይዘምት ነበር። በጎጃም ሰፈር ያየውንና የሰማውን በትዝታ መልክ ጽፎ የመጀመሪያውን ጥራዝ እ.ኤ.አ. በ1868 በፓሪስ አሳተመ። ቀሪው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት አማካይነት ታትሟል። አንቷንም ወደ አገሩ ሲመለስ ከ230 በላይ የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ይዞ ሄዷል፤ ዝርዝራቸውን እ.ኤ.አ. በ1859፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱንም እ.ኤ.አ. በ1881 በፈረንሳይኛ አወጣ። መጻሕፍቱ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከጎጃም ጋር የተያያዘው የፈረንሳይኛ ጽሑፍ በዚህ አያበቃም። ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 እና በ1929 በራስ ኃይሉ ዘመን ጎጃም ተቀምጦ ያየውን መጽፉ ይታወቃል። የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1930፣ ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች ያዘጋጀውንም ጥናት እ.ኤ.አ. በ1935 አሳትሟል።

አንዳንዶች «ጠቃሚ የሆነው ሁሉ በእንግሊዝኛ ይገኛል» ይላሉ። ይህ አባባል ትክክል እንዳልሆነ የሚያስረዳው ምሳሌ ከጎጃም ከራሱ ይገኛል። የዳባዲ ወንድማማች በአገሩ ሳሉ ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በጎጃም ቆይቶ፣ መቀመጫውን የጁቤ ላይ አድርጎ፣ ስለ ወንዞችና ስለ ቋንቋዎች ያጠና ነበር። አንቷን ዳባዲ የነጭ ዓባይ ምንጭ የጊቤ ወንዝ ነው ብሎ ባወጀ ጊዜ ቢክ ተቃወመው። ክርክሩም እየመረረ ሄዶ ቢክ «ዳባዲ ከፋን በዓይኑ አላየም» እስከ ማለት ደርሶ፣ ይህንኑ የሚመረምር ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1850 አወጣ። የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ሸልሞት የነበረውንም የወርቅ ሜዳይ መለሰ። ነገሩ ሲጣራ ስለ ወንዙ ቢክ እውነት ነበረው፤ ጊቤ ወደ ኦሞ እንጂ ወደ ዓባይ አይፈስም። ስለ ጉዞው ግን እውነቱ የዳባዲ ነው፤ ከፋ መድረሱ ዛሬ በሊቃውንቱ ዘንድ የታመነ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ የከሳሹን ማመልከቻ አንብቦ የተከሳሹን መልስ ሳያይ የሚፈርድ ዳኛ ይሆናል። በሙግት አዋቂነቱ በሚታወቀው በጎጃም እንዲህ ያለ ፍርድ ይግባኝ ሳይባልበት አያድርም።

ይህ የንባብ በር የተዘጋው በአንድ ቀን አይደለም። ፈረንሳይኛ ወደ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት የገባው ከትምህርቱ መጀመሪያ አንሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚሰጡት ቋንቋዎች ዋነኛው ነበረ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለፈረንሳይኛ ትልቅ ስፍራ ሰጥቶ ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር የሚሠራው በፈረንሳይኛ ነበረ፤ ለገሀር የሚለው የሰፈር ስም ራሱ ከዚያ የቀረ ነው። ጋራዥ፣ ሹፌር፣ ቢሮ፣ ፉርጎ እያለ የሚናገር የመካኒክ ሠራተኛ ፈረንሳይኛ መናገሩን አያውቀውም። ከፍተኛ ትምህርት ፈላጊዎችም ወደ ፈረንሳይ ይላኩ ነበር።

ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋና ከእርሱ በኋላ የተከተለው ግድያ ሰለባ ሆኑ። በሳን ሲር የጦር ትምህርት ቤት የሠለጠነው ክፍሌ ናሲቡ ከእነርሱ አንዱ ነው። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ በሕይወት የተረፈው የተማረ ሰው ጥቂት ነበረ፤ አስተማሪ፣ መጽሐፍና አማካሪ ይመጣ የነበረው ደግሞ ከእንግሊዝ ነበር። የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ቋንቋነት የተወሰነው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሉሲየን ማት፣ የኩቤክ ሰው ሆነው፣ ፈረንሳይኛን ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተው ሳለ፣ ኮሌጁን የመሩት በእንግሊዝኛ ነው። ነገሩ ትንሽ ያስገርማል፤ ይሁን እንጂ የዘመኑን ነፋስ አቅጣጫ በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1947 የተቋቋመው የገብረ ማርያም ሊሴ ፈረንሳይኛን ይዞ ቢቆይም፣ የዋና ከተማ ትምህርት ቤት በመሆኑ ለቢቸናና ለሞጣ ልጅ የደረሰው ነገር የለም።

እንግሊዝኛን መምረጡ ስሕተት ነበረ ለማለት አይቻልም። ስሕተቱ አንዱን ቋንቋ ለማስገባት ሌላውን ማስወጣት ግዴታ መስሎ መታየቱ ነው። አንድ ማስተማሪያ ቋንቋና ጥቂት ሰዎች የሚማሩት አንድ የምርምር ቋንቋ አብረው ሊኖሩ ይችሉ ነበር። ይህ ባለመሆኑ የደረሰው ጉዳት ከታሪክ አልፎ በመሐንዲሱ ዕለታዊ ሥራ ላይ ይታያል።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ አርቃቂውም ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። አማርኛውም እንግሊዝኛውም ከዚያ የተመለሱ ናቸው። የሕጉ ከቍጥር 3131 በኋላ ያለው ክፍል ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውል ይናገራል። መንግሥት መንገድ ወይም ድልድይ ለማሠራት ከተቋራጭ ጋር የሚዋዋለው ውል የሚመዘነው በዚህ ክፍል ነው። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ማንም ያላሰበው የዋጋ መናር ቢመጣ ተቋራጩ ከአስተዳደሩ ርዳታ ሊጠይቅ እንደሚችል የሚፈቅደው ሐሳብ ምንጩ የታወቀ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የድንጋይ ከሰል ዋጋ እጅግ በመናሩ የቦርዶ ከተማ የጋዝ ኩባንያ ሥራውን በቀድሞው ዋጋ መቀጠል አልቻለም። የፈረንሳይ የመንግሥት ምክር ቤትም መጋቢት 30 ቀን 1916 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ፣ ኩባንያው አገልግሎቱን እንዳያቋርጥ፣ ከተማው ግን የኪሳራውን ከፊል እንዲሸከም ፈረደ። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ ሲሆን የሚጨነቅ የአገራችን ተቋራጭም ሆነ የሚቈጣጠረው መሐንዲስ፣ የክርክሩ ሥር እዚያ መሆኑን ቢያውቅ ይጠቀማል። የአማርኛው ቃል አሻሚ በሆነበት ቦታ ወደ ረቂቁ ተመልሶ የአርቃቂውን ሐሳብ የሚያይ ሕግ ዐዋቂ ግን በጣም ጥቂት ነው።

ቋንቋን ከትምህርት ቤት የሚያስወጡ ሰዎች ዋነኛ ማስረጃ የተማሪው ቍጥር ማነስ ነው። ይህ በኛ አገር ብቻ የሚነገር አይደለም። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአልባኒ ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ2010 የፈረንሳይኛ፣ የጣሊያንኛና የሩሲያኛ የዲግሪ ትምህርቶቹን ለመዝጋት መወሰኑን አስታውቋል፤ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2023 የውጭ ቋንቋ ዲግሪዎቹን ለማስቀረት ወስኗል። ምክንያቱ በሁለቱም ዘንድ ገንዘብና ቍጥር ነበረ። ይሁን እንጂ በፓሪስ የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ሞንዶን ቪዳዬ እ.ኤ.አ. በ1898 አማርኛ ማስተማር ሲጀምር፣ አማርኛ ለመማር በር ላይ የተሰለፈ ሕዝብ አልነበረም። ማርሴል ኮኸን ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ትልቁን የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው።

የተማሪ ቍጥር ሳይጠየቅ ቋንቋ የሚጠበቅበትን ሥርዓት ለማየት ፓሪስ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ ከቢቸና ብዙ ሳይርቁ ዲማ ጊዮርጊስን ማየት ይበቃል። በዲማም ሆነ በሞጣ ጊዮርጊስ ግእዝ በገበያ የሚናገረው ሰው ከጠፋ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ሲሰጥ ኖሯል። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ እየበላ ግስና ሰዋስው ያጠናል፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ቅኔ እስኪዘርፍ ድረስ ዓመታት ይፈጃል። ሐዲስ ዓለማየሁን የመሰለ ደራሲ ያፈራው ይህ የምሥራቅ ጎጃም ትምህርት ነው። የኔታ አምስት ደቀ መዝሙር ቢኖራቸውም አምሳ ቢኖራቸውም ጉባኤው አይታጠፍም ነበር። ይህም የሆነው የመምህሩ ኑሮ በተማሪው ብዛት ሳይሆን በደብሩ መሬት ላይ የቆመ ስለ ነበረ ነው።

ይኸው ሥርዓት ራሱ በጀቱ የተቆረጠበት ቀን አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የደብሩ መሬትም አብሮ ሄደ። አዋጁ ለጭሰኛው ያስገኘውን ነጻነት ማንም አይክደውም። የአዋጁ አርቃቂዎችም ስለ ግእዝ ሰዋስው አንዲት ቃል አላሰቡ ይሆናል። ሆኖም አንድ ሺህ ጋሻ መሬት ሲደለደል በዳር በኩል አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት መተዳደሪያውን ያጣል። በ1933 ዓ.ም. ፈረንሳይኛ የደረሰበት ዕጣም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ማንም በጠላትነት አልተነሣበትም፣ ነገር ግን መጠበቂያ አልተበጀለትም። ልዩነቱ ግእዝ ሰው ነበረው፤ የኔታ ከመሬታቸው ተነቅለውም ማስተማራቸውን አልተዉም፣ የአካባቢው ሕዝብም ቁራሹን አልከለከለም። ፈረንሳይኛ በጎጃም እንዲህ ያለ ባለቤት አላገኘም።

አስፈላጊው ነገር ሰፊ አይደለም። በቢቸናና በሞጣ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ፈረንሳይኛ ይሰጥ የሚል አሳብ ገንዘብም አስተማሪም የለውም፤ ጥቅሙም አጠራጣሪ ነው። ነገር ግን በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ጥቂት የታሪክ፣ የሕግና የቅየሳ ተማሪዎች ለንባብ የሚበቃ ፈረንሳይኛ ሁለት ዓመት ቢማሩ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ያለው ትምህርት የተማሪው ቍጥር ባነሰ ቍጥር ህልውናው ባይጠየቅ፣ ሥራው ይጀመራል። አንድ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል የታየ ነገር ነው፤ የአርኖ ዳባዲን ትዝታ ገነት አየለ ወደ አማርኛ በመመለሷ የደጃዝማች ጎሹን ሰፈር ዛሬ ማንኛውም የጎጃም አንባቢ በገዛ ቋንቋው ሊጎበኘው ይችላል። የታላቅ ወንድሙ የልኬት መዝገብ ግን የተራሮቹን ስም፣ ከየጣቢያው የታዩበትን አቅጣጫና ውሃው የፈላበትን ዲግሪ እንደ ያዘ ገና አልተነካም።